አይዞሽ፣ አጥኚ!

የእህቴ ልጅ ሚጡ በአንድ የግል ኮሌጅ የአራተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። እናትና አባቷ ደብረ ብርሃን ስለሆኑ ኮሌጅ ከገባች ጀምሮ የምትኖረው እኛ ዘንድ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አንድ ማታ ራት ተበልቶ መሶቡ ሳይነሳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ?" አለችኝ። ብር መስሎኝ ፊቴን ወደ ቴሌቪዥኑ መለስኩ። ብር አልነበረም።

"የማጠናበት ቦታ ፈልግልኝ።"

መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ቀጥሎ ቅር አለኝ። "ይኸ ሳሎን ምን ሆነ? ይኸ ጠረጴዛ ምን አደረገሽ?" አልኳት። ባለቤቴም ከጓዳ ብቅ ብላ፣ "ማን ነካሽ? በዚህ ቤት ማን ቀና ብሎ አየሽ?" ስትል አከለችበት። ሚጡ ዝም አለች። የዘመድ ጥያቄ መልስ ሲሰጡት እንደሚረዝም አራት ዓመት አብራን ኖራ ተምራዋለች።

ጭንቀቷ ግን ይገባኛል። የመውጫ ፈተናው ሁለት ወር ቀርቶታል። በእኛ ጊዜ ኮርሶቹን እንደምንም የተሻገረ ሰው ጋዋኑን ለብሶ፣ አበባውን ታቅፎ ፎቶ ይነሳ ነበር፤ በቃ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ይሁን የግል ኮሌጅ፣ የዓመታቱን ትምህርት ባንድ ላይ ተጠይቆ ከመቶ 50 ካላመጣ ዲግሪ የለም። ጋዋኑ አለ፣ አበባው አለ፣ የሚታረደው በግ ከደጅ ታስሮ ይጮኻል፤ ዲግሪ የለም። በጉም አያሳዝንም፣ እሱ እንኳ ተርፏል።

እኔ ግን ሙግቱን በማስረጃ ልረታ ፈለግሁ። በማግስቱ ምሽት ሰዓቴን አውልቄ ከፊቴ አስቀምጬ፣ ጋዜጣ የማነብ መስዬ፣ ሚጡ በገዛ ቤታችን እንዴት ተመችቷት እንደምታጠና ለመታዘብ ተቀመጥኩ።

12 ሰዓት ተኩል ላይ ሀንዳውቷን ገለጠች። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ባለቤቴ፣ "ሚጡዬ፣ ባዶ ሆድ አይጠናም" ብላ ዳቦና ሻይ አመጣች። ዳቦ የሚቆረሰው በእጅ ነው፤ ሀንዳውት የሚገለጠውም በእጅ ነው፤ ስለዚህ አንደኛው መቆም ነበረበት። የቆመው ዳቦው አይደለም። ለ1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አማቴ ከሶፋው ላይ መቁጠሪያቸውን ሳያቋርጡ፣ "አይዞሽ፣ አጥኚ!" አሉ። ሚጡ "እሺ፣ እማማ" ለማለት ቀና አለች። ቀና ያለ ተማሪ ደግሞ የነበረበት መስመር ስለሚጠፋው ከምዕራፉ አናት ይጀምራል። 1 ሰዓት ላይ ትንሹ ልጄ የሒሳብ የቤት ሥራውን አምጥቶ ከሀንዳውቱ በላይ ዘረጋው፤ "አካውንቲንግ አይደለሽ እንዴ?" ብሎ።

1 ሰዓት ተኩል ላይ ቡና ተፈላ። ቡና ሲፈላ ማጥናት አይከለከልም፤ የሚከለከለው አለመጠጣት ነው። አቦሉን ጠጥታ ልትነሳ ስትል ቶናው ቀረበ። ቶናውን ጠጥታ ብድግ ስትል፣ "በረካን ጥላ የምትነሳ ልጅ ምን በረከት አላት?" ተባለ። ለበረከቱ ስትል አንድ ሙሉ ምዕራፍ ዘለለች።

2 ሰዓት ተኩል ላይ የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን፣ "አልቀመጥም፣ ለአንድ ደቂቃ ነው" ብለው ገቡና ተቀመጡ። የተቀመጡት የሚጡ ወንበር ላይ ነው፤ እንግዳ ሲገባ ልጅ ይነሳል። "ትምህርት እንዴት ነው? ከባድ ነው፣ አይደል?" ብለው የትምህርትን ክብደት አርባ ደቂቃ አስረዷት።

ከዚያ እህቴ ከደብረ ብርሃን ደወለች።

"ልጄ እያጠናች ነው?"

"እያጠናች ነው።"

"ጎሽ! እስቲ አቅርብልኝ።"

ጊዜዋን በከንቱ እንዳታባክን ግማሽ ሰዓት መከረቻት።

4 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ሚጡ ሻማ ለኮሰች። ጨለማ ቤት ውስጥ አንድ ሻማ ብቻ ካለ ቤተሰብ እንደ እሳት ራት ነው፤ ሁላችንም ወንበራችንን እየጎተትን ከበብናት። እኔ ራሴ፣ ለትዝብት የተቀመጥኩት ሰው፣ አባቴ በኩራዝ ሲያጠኑ ፀጉራቸው እንዴት እንደተለበለበ አራተኛ ጊዜ ተረኩላት። በመጨረሻ ሒሳቡን ዘጋሁት። የተነበበ ገጽ፣ ሁለት። "አይዞሽ፣ አጥኚ!" የተባለችው፣ አሥራ አንድ ጊዜ። ከአሥራ አንዱ አራቱ የእኔ ነበሩ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንድ ነገር ገባኝ። የእኛን ተማሪ የሚያውከው ጫጫታ አይደለም። ቁራሌው በመስኮት ሥር ሲጮህ የሚፈልገው አሮጌ ጫማ እንጂ ሚጡን አይደለም፤ የታክሲው ረዳት ሲጣራ የሚጠራው መገናኛን ነው። ጫጫታ ስም አይጠራም። አስቸጋሪው ስምሽን ጠርቶ፣ አቆላምጦ፣ በሰሃን ይዞ የሚመጣው ነው። በጠላት ላይ በር ይዘጋል፤ ወዳጅ ግን ቁልፉ አለው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ "ተነሺ፣ ቦታ ላሳይሽ" አልኳት። ቦታ ከተፈለገ ስድስት ኪሎ የተማረ ሰው ነኝ። የእኛ ግቢ እኮ የተማሪን የቦታ ጥያቄ ንጉሥ የመለሰበት ነው። በ1943 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ የተጀመረው ትምህርት ቤት ሲሰፋ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዓ.ም. ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። እሳቸው ለተማሪ ቤተ መንግሥት ለቀቁ፤ እኔ ሳሎን መልቀቅ አቃተኝ። ለነገሩ ተማሪዎቹ በተሰጣቸው ቦታ አጥንተው አጥንተው የደረሱበት መልስ "መሬት ለአራሹ" ሆነና፣ የነገሩ መጨረሻ በ1967 ንጉሡን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትም አስወጣቸው። የማጥኛ ቦታ የሚሰጥ ሰው ተማሪው ምን እንደሚያጠና አስቀድሞ አያውቅም።

በእኔ ጊዜ የጦር ሜዳችን በአሜሪካው ፕሬዚዳንት ስም የተሰየመው ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ወንበር የሚያዘው በደብተር ነው። ባለቤቱ ቁርሱን ሳይበላ ደብተሩ ቀድሞ ይቀመጣል። ፈተና ሲቃረብ ከተማሪው ይልቅ ደብተሩ በዝቶ ይታያል፤ ደብተሮቹ ቢፈተኑ ሁሉም ኤ ባመጡ ነበር። ወንበር ያጣው፣ የዛሬዎቹ "ስፔስ" የሚሉትን ባዶ ክፍል ፍለጋ ከሕንፃ ሕንፃ ይዞራል። ቸካይ የሚባለው ወገን ግን አይዞርም። ቸካይ አንድ ጥግ አለው፣ ክረምት ከበጋ ያው ጥግ ነው፤ ወንበሩ ላይ የጀርባው ቅርጽ ታትሞ የቀረ ይመስል ማንም አይደፍረውም። እኔ ቸካይ አልነበርኩም። ወንበሬን የምመርጠው የመስኮቱን ብርሃን አይቼ ሳይሆን ከፊቴ የምትቀመጠውን ልጅ አይቼ ነው። አንድ ሴሚስተር ሙሉ አጠናኋት፤ ፈተናው ላይ አልመጣችም። ይህን ለሚጡ አልነገርኳትም። ለባለቤቴም እንደዚሁ።

ስድስት ኪሎ አልወሰድኳትም፤ መታወቂያዋ የሌላ ኮሌጅ ነው። የሄድነው በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ወደተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነው። ታክሲ ቀያይረን፣ ተሰልፈን፣ ተጋፍተን ስንደርስ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ከበሩ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ሰልፍ። ዘይትና ስኳር ፍለጋ ሲሰለፍ የማውቀው ሕዝብ ለንባብ ተሰልፎ ሳይ ዓይኔ እርጥብ አለ፤ "ይኸ አገር ተስፋ አለው" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ከፊቴ የቆመው ልጅ ጆሮው ውስጥ የሰካውን ነቅሎ እንደገና እስኪሰካ ድረስ።

ውስጡ ጸጥ ያለ ነው። ሰው ገጽ ሲገልጥ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። ሚጡ ተቀመጠች፣ ሀንዳውቷን ገለጠች፤ እኔም አንድ መጽሐፍ ይዤ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቼ በሹክሹክታ፣ "ተመቸሽ?" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። "ብርሃኑ ይበቃሻል?" ነቀነቀች። "ውኃ ልግዛልሽ?" "በስተግራ ያለው ወንበር አይሻልም?" "ራበሽ እንዴ?" ማዶ የተቀመጠ መነጽር ያደረገ ወጣት ቀና ብሎ በትሕትና፣ "አባት፣ እርስዎም ይፈተናሉ?" አለኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ሁለት ሰዓት ተጉዘን ከሳሎኑ ስንሸሽ ሳሎኑን ይዤው መጥቻለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ብቻዋን ሄደች። አራት ሰዓት ሙሉ ቀና ሳትል አጠናች። በአምስተኛው ሰዓት የክፍሏን ልጆች አገኘቻቸው። "ነይ፣ አንድ ማኪያቶ ጠጥተን እንመለስ" ተባለ። አንድ ማኪያቶ ጠጥተው የተመለሱ ተማሪዎች ካሉ ስማቸው በታሪክ አልተመዘገበም። በዚያ ላይ መንገዱ አለ፦ በመሄድና በመመለስ የሚያልፈው አራት ሰዓት ራሱ አንድ ኮርስ ነው። አብርሆት ለቅዳሜ ይሁን ተባለ።

ወመዘክርንም አንስቼባት ነበር። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ አገር ውስጥ የታተመ ሁሉ ቅጂው እንዲቀመጥበት ሕግ ያዘዘለት የመጻሕፍት አባት ነው። ግን አደጋውን ከራሴ አውቃለሁ። ተማሪ ሳለሁ ለኢኮኖሚክስ ፈተና ላጠና ገብቼ፣ እግረ መንገዴን የ1950ዎቹን አዲስ ዘመን አየት ላድርግ አልኩ። እስኪዘጋ ድረስ የሬዲዮና የብስክሌት ማስታወቂያ ሳነብ ዋልኩ። በፈተናው ስለ ዋጋ ንረት ስጠየቅ የማውቀው የድሮውን ዋጋ ብቻ ነበር።

ካፌ ሞከርን። ስሙን አልጠራውም፤ የሰፈራችን ነው፣ ዳቦ የምገዛው እዚያ ነው። የዘመኑ ልጆች ኮምፒዩተራቸውን ሶኬት ላይ ሰክተው በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን ይቀመጣሉ፤ አስተናጋጆቹም ለዚህ የሚሆን ስልት አበጅተዋል። መጀመሪያ ጠረጴዛውን ይወለውላሉ። ጥቂት ቆይተው እንደገና ይወለውላሉ፣ አሁን ሀንዳውቱን አስነስተው። ቀጥሎ፣ "ሌላ ምን ይጨመር?" ይመጣል። ቀጥሎ ከፊትሽ ያለው ባዶ ወንበር ይወሰዳል። በመጨረሻ ሙዚቃው ከፍ ይላል። ሚጡ ሁለተኛው ውልወላ ላይ እጅ ሰጠች። የፒያሳው ቶሞካ ይህን ጭቅጭቅ ከሥሩ ነቅሎታል፦ ቡናው የሚጠጣው ቆሞ ነው። ቆሞ ያጠና ሰው ደግሞ አልሰማሁም፤ ቆሞ ያስቀደሰ እንጂ።

ማስቀደስ ስል የቤተ ክርስቲያን ግቢ ትዝ አለኝ። አባቶቻችን እኮ ይህን ነገር ጥንት ፈትተውታል። የቅኔ ተማሪ ዋሸራም ይሁን ሌላ ቅኔ ቤት፣ ቅኔውን የሚቆጥረው ከሰው ተነጥሎ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከጫካ ዳር ተቀምጦ ነው። ከዚያም በፊት ከዘመድ ይነጠላል፤ አገሩን ጥሎ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ማንም ወደማያውቀው ደብር ይሄዳል። "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ቁራሽ ሲለምን ውሻ ይጮኽበታል። ስናዝንለት ኖረናል። አሁን ሳስበው ግን በእሱ ላይ የሚጮኸው ውሻ ብቻ ነው። "አይዞህ፣ አጥና!" የምትል አክስት የለችበትም። ቅኔ እንደዚያ የረቀቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚህ ምክንያት ሚጡን ራቅ ወዳለ ደብር ወሰድኳትና ከአንድ ትልቅ ጥድ ሥር አስቀምጫት፣ ይህን ጊዜ ትምህርት አግኝቻለሁና፣ ምንም ሳልናገር ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን መልካም ነበር። በሁለተኛው ቀን ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ቀረብ ብለው፣ "ልጄ፣ ምን ሆንሽ?" አሏት።

"እያጠናሁ ነው፣ እማማ።"

"አይ፣ ለእኔ አትደብቂኝ። ማን አስከፋሽ?"

ሀንዳውቱን አሳየቻቸው። ገጹ ላይ ያለውን ቁጥር ሁሉ አዩና ጭራሽ አዘኑ። በማግስቱ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር መጡ። አንዷ በሃይላንድ ፕላስቲክ ጠበል ይዘዋል። ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፤ ብቻውን የተቀመጠውን ግን እንዲሞት ማንም አይተወውም። ሰባት ቀን እንድትጠመቅ ቀጠሮ ተያዘላት። ሚጡ ቤት መጥታ፣ "ጋሼ፣ ጠበሉን አልጠላሁትም" አለችኝ፤ "ግን ኮስት አካውንቲንግን ማን ያንብብልኝ?"

መልስ አልነበረኝም። መልሱ የመጣው በጤፍ በኩል ነው።

አንድ ቀን እንጀራ የሚጋገርበት ዱቄት አለቀና ባለቤቴ ሚጡን ሃያ አምስት ኪሎ ጤፍ አስይዛ ወፍጮ ቤት ላከቻት። ጠዋት ወጥታ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። "ወረፋ ነበር" አለች፤ ግን ወረፋ ያስመረረው ሰው ፊት አልነበራትም። በሦስተኛው ቀን፣ "እትዬ፣ ሽሮ አላለቀም?" ብላ ጠየቀች። አላለቀም ነበር፤ ቢሆንም ክኩን ተሸክማ ሄደች። ከዚያ በቆሎ አለ ወይ አለች። ከዚያ የጎረቤት ጤፍ ልወስድ አለች። ሃያ ዓመት በዘለቀው ትዳራችን ከዚህ ቤት "ወፍጮ ቤት ልሂድ" ብሎ በፈቃዱ የተነሳ ፍጡር የለም። ባለቤቴ አንድ ማታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ወፍጮ ቤት ልጅ አለ" አለችኝ። ስለ እህል እንዳልሆነ ገባኝ። "አደራ የበላን እንዳንሆን፤ ነገ ሄደህ እየው።"

ሄድኩ። ወፍጮው ገና ከአስፋልቱ ይሰማል፤ ከበሩ ስደርስ ወለሉ ከነእኔ ይንቀጠቀጣል። ውስጡ የዱቄት ጉም ነው። ሴቶች ከየጆንያቸው አጠገብ ቆመዋል፤ የሚነጋገሩት በእጅ ነው። ልጅ ፈለግሁ፤ ወጣት የሚባል ነገር የለም፤ ባለወፍጮው ሰባ የሞላቸው አዛውንት ናቸው። ከጥጉ፣ ከተደረደረ ጆንያ ላይ፣ እግሯን አጣጥፋ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ ሚጡ ተቀምጣለች። ቅንድቧ ነጥቷል፣ ሽፋሽፍቷ ነጥቷል፤ ጡረታ የወጡ ፕሮፌሰር መስላለች። ሀንዳውቱን ገልጣ፣ አራግፋ፣ ታነባለች፤ ገልጣ፣ አራግፋ፣ ታነባለች።

ጠራኋት። አልሰማችም። ጮኽኩ። አልሰማችም። ያለ የሌለ ድምፄን አሰባስቤ፣ "አይዞሽ፣ አጥኚ!" አልኩ። ለራሴም አልተሰማኝም።

እዚያው ቆሜ ሁሉ ነገር ተገለጠልኝ። ወፍጮ ቤት ስልክ ቢጮህ አይሰማም። "ትምህርት እንዴት ነው?" ቢባል መልስ አይጠበቅም። ቡና አይፈላም፤ በረካ የለም። ብቻሽን ብትቀመጪ ማንም አያዝንልሽም፤ ወረፋ እየጠበቅሽ ነዋ! ጥዬ ልውጣ ብትዪ ደግሞ ጤፉ ይይዝሻል፦ ዱቄት ሳይዙ መመለስ አይቻልም። ይህን ሁሉ ጊዜ ዝምታ ስንፈልግላት የሚያስፈልጋት ዝምታ አልነበረም። የሚያስፈልጋት ከእኛ ድምፅ የሚበልጥ ድምፅ ነበር።

እንከኑ በርበሬ ብቻ ነው። በርበሬ የሚፈጭ ዕለት ከባለወፍጮው በቀር ሰው አይቀመጥም፤ ያን ቀን ሚጡ ቤት ትውላለች፣ ወይም ዓይኗ ቀልቶ እያነጠሰች ትመጣና አማቴ "ከትምህርቱ ብዛት አለቀሰች" ይላሉ።

ባለወፍጮውም አላጡበትም። ማታ ማሽኑ ሲቆም ሚጡ የዕለቱን ገቢና ወጪ በደብተር ታሰፍርላቸው ጀመር። የወፍጮውን ድንጋይ ዋጋ በሚያገለግልበት ዓመት አካፍላም ዲፕሪሲዬሽን አሰላችላቸው።

"ይኸ ድንጋይ በየዓመቱ ዋጋው ይቀንሳል ማለትሽ ነው?"

"አዎ፣ አባባ።"

"እኔ በወቀርኩት ቁጥር ሲሳሳ በእጄ ዳስሼ አውቀዋለሁ። ይህን ለማወቅ ነው አራት ዓመት የተማርሽው?"

ሚጡ ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። ያን ምዕራፍ ግን ከዚያ በኋላ ማጥናት አላስፈለጋትም።

የእኛም ቤት ወጪ ነበረበት። ፈተናው እስኪደርስ በሕንፃችን ሳይፈጭ የቀረ እህል አልነበረም። በየፎቁ ሰው ዱቄት እንደ ሲሚንቶ ደርድሮ ተቀመጠ። አማቴ ለጠላ ያስቀመጡት ገብስ ዱቄት ሆኖ ሲገኝ ብቻ ትንሽ ጭቅጭቅ ተነሳ። ያም ቢሆን ለአንድ ዲግሪ ብዙ አይደለም።

የማጥኛ ቦታ የሚፈልግ ልጅ ያላችሁ ሰዎች እንግዲህ አሁን ብትጠይቁኝ የምመልሰው አጭር ነው። ወንበሩ እንዲለሰልስ አትድከሙ፤ የሚለሰልስ ወንበር ያስተኛል። ማንም በስሙ የማይጠራው ቦታ፣ ሲሰለቸው ጥሎት እንዳይሄድ የሚይዘው አንዳች ነገር፣ ሁለቱን ካገኘ ይበቃዋል። ቤተ መጻሕፍት ቅርብ ከሆነ ሂድ በሉት፤ አብራችሁት ግን አትሂዱ። ከሁሉ በላይ "አይዞህ፣ አጥና!" የሚለው ቃል ምሕረት የሌለው ቃል መሆኑን እወቁ። አፋችሁ ላይ ሲመጣ ውኃ ጠጡበት።

ይህን ወግ የጻፍኩትም ያው ቦታ ነው። ቤት ብሞክር አንድ አንቀጽ ሳልጨርስ አምስት ጊዜ ሻይ ጠጣሁ። ስለዚህ ሁለት ኪሎ ሽምብራ ለሰበብ ይዤ ወፍጮ ቤት ሄድኩና የሚጡ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። እውነቷን ነው፤ እጄ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም። ሽምብራዬ ወረፋውን ይጠብቃል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ዓለም ከነጭንቀቱ ከጩኸቱ ውጭ ቀርቷል። ልጨርስ አንድ ገጽ ሲቀረኝ መብራት ጠፋ።

ወፍጮው እያቃሰተ እያቃሰተ ቆመ። ዱቄቱ ቀስ ብሎ ወረደ። ለአፍታ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"የዚያች ልጅ አጎት አይደሉ?"

"ያቺ የምታነበው?"

"ፈተናው ወጣ? ስንት አመጣች?"

"71" አልኩ።

የእልልታው ድምፅ ከወፍጮው በለጠ። አንዷ ሳሙኝ፣ አንዷ ጭብጦ አቀበሉኝ፣ ሦስተኛዋ ስለ ልጃቸው ሊያማክሩኝ ከጆንያዬ ላይ ተጠግተው ተቀመጡ። ባለወፍጮው ከማሽኑ ኋላ እጃቸውን እያራገፉ መጥተው ወረቀቴን አዩ።

"አንተስ ምን ሆነህ ነው ብቻህን የምትቀመጠው?"

"እየጻፍኩ ነው፣ አባባ። አንድ ገጽ ነው የቀረኝ።"

በነጭ እጃቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

"አይዞህ፣ ጻፍ!"